ወርቁ የትም አይሄድም፤ መጀመሪያ ከሰሉ

በዚህ ወር ስድስት ጥያቄ መርጫለሁ። አምስቱ ስለ ወርቅ ናቸው። ስድስተኛውን የላኩት አንዲት እናት ናቸው፤ የእሳቸውም ዞሮ ዞሮ ወደ ወርቅ ይገባል።

ለአዲስ አንባቢ ሁለት መስመር ልበል። ድዋርፍ ፎርትረስ የሚባል የኮምፒዩተር ጨዋታ አለ። ሰባት ድንኮች ይዘህ ሰው ያልደረሰበት ቦታ ትሰፍራለህ። ተራራ ትቆፍራለህ፣ መኝታ ትሠራለህ፣ እህል ታበቅላለህ፣ ጠላት ሲመጣ በር ትዘጋለህ። የሠሩት ታርን አዳምስና ዛክ አዳምስ የሚባሉ አሜሪካውያን ወንድማማቾች ናቸው። መጀመሪያ የወጣው በእኛ አቆጣጠር በ1998 ነሐሴ ላይ ነው። ያኔ ሥዕል አልነበረውም፤ ድንኩም ዛፉም ላሙም ፊደልና ምልክት ነበር። ባለሥዕሉ ስቲም በሚባለው የጨዋታ መሸጫ ድረ ገጽ የመጣው በ2015 ኅዳር ነው። የድሮው ባለፊደሉ ዛሬም በነጻ ይገኛል። እኔ የምጫወተው እሱን ነው፤ ላፕቶፔ ሌላ አይችልም።

ስለ እኔ ደግሞ አንድ መስመር። ሐዋሳ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ያደግሁት ግን አዶላ ነው፤ አባቴ ወርቅ ገዢ ነበር። ሚዛኑ አሁን የእኔ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ በወርቅ ጉዳይ ነገር ባስረዝም ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አቶቴ ተከራይቼ እኖራለሁ። ምሽጌን በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት ትልቅ የወርቅ ሥር አገኘሁ። ቆፋሪዎቼን ሁሉ እዚያ ላይ አዘመትኩ። አሁን 60 የወርቅ ድንጋይ አለኝ። ከሰል ግን የለኝም፣ ዛፉም አልቋል። ብረትም እስካሁን አላየሁም። ሀብታም ነኝ ወይስ ደሀ?

መልስ፦ ደሀ ነህ።

አትከፋ። አባቴ ሱቅ እንደ አንተ ያሉ ሰዎች ብዙ ይመጡ ነበር። በጨርቅ የተቋጠረ ወርቅ ኪሳቸው ውስጥ አለ፣ ቁርስ ግን አልበሉም። አባቴ መጀመሪያ ሻይ በዳቦ ያዝዝላቸውና ከዚያ ሚዛኑን ያወጣል። የተራበ ሰው ሚዛን አያይም ይል ነበር።

የአንተን ሚዛን እንየው። አንድ የወርቅ ድንጋይ ስታቀልጥ አራት ጥፍጥፍ፣ ማለትም ለሥራ የተዘጋጀ የቀለጠ ወርቅ፣ ይወጣል። ስለዚህ 60 ድንጋይህ 240 ጥፍጥፍ ነው። ይህ ብዙ ነው። ግን እያንዳንዱ ድንጋይ አንድ ከሰል ይበላል፤ 60 ከሰል ማለት ነው። ከዚያ ጥፍጥፉን አንጥረኛው ዋንጫ ወይም ሐውልት ሲያደርገው ለእያንዳንዱ ሥራ እንደገና ከሰል ይፈልጋል። ከአንድ ግንድ የሚወጣው ከሰል አንድ ነው። እዚህ ላይ ነው ዛፍህ ያለቀው።

አሁን "ወርቅ እያለ ለምን ብረትና የድንጋይ ከሰል የለም?" ለሚለው። ይህ ዕድል አይደለም፣ የዐለቱ ጉዳይ ነው። በጨዋታው ውስጥ ወርቅ የሚገኘው በቅልጥ ዐለት፣ ማለትም ቀልጦ በቀዘቀዘ ዐለት ውስጥ ነው። ግራናይት፣ ጋብሮ፣ ባዛልት፣ ራዮላይት ካየህ ወርቅ ተስፋ አድርግ። የድንጋይ ከሰል ግን ያለው በዝቃጭ ዐለት፣ ማለትም ደለል ተደራርቦ በጠነከረ ዐለት ነው። ከብረት ማዕድኖችም ማግኔታይትና ሊሞናይት ከዝቃጩ ጋር ናቸው። በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ልታገኝ የምትችለው ሄማታይትን ነው። ስለዚህ ለወርቅ የሚመች መሬት ብዙ ጊዜ ለማገዶ አይመችም። መሬት ስትመርጥ ሁለቱም ዓይነት ዐለት ያለበትን፣ ወይም ሁለት ዓይነት መልክዓ ምድር የሚገናኙበትን ድንበር ፈልግ። የመረጣው ገጽ ላይ "ብረታ ብረት" የሚለው በብዙ ቁጥር ከተጻፈ ከአንድ ዓይነት በላይ አለ ማለት ነው። ግን የትኛው እንደሆነ አይነግርህም፤ ወርቅና እርሳስም ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ የመጣህበትን ትተህ ወዴት እንደምትሄድ እንይ። ሦስት መንገድ አለህ።

አንደኛው መግዛት ነው። በመኸር የራስህ ወገን የሆኑት ድንኮች ሲራራ ይመጣሉ። ግንድ ይዘው ይመጣሉ። ከእነሱ ጋር የሚመጣው መልእክተኛ ለሚቀጥለው ዓመት ምን እንደምትፈልግ ይጠይቅሃል፤ ግንድ በብዛት በለው። መክፈያህ ተራ የድንጋይ ጌጥ ይሁን። ጥሬውን የወርቅ ድንጋይ አትሽጥ። ሲራራው የሚሸከመው ክብደት ልክ አለው፤ ወርቅ ደግሞ ከባድ ነው።

ሁለተኛው ወደ ታች መውረድ ነው። ከመሬት በታች ዋሻ አለ፣ ዋሻው ውስጥ እንደ ዛፍ የሚቆረጡ ግዙፍ እንጉዳዮች አሉ። ከእነሱ ግንድ ይገኛል። ዋሻውን አንዴ ከከፈትከው በኋላ አንተ በቆፈርከው አፈር ወለል ላይም መብቀል ይጀምራሉ። ከፍተህ አይተህ፣ ወዲያው በግንብ ድፈነው። እዚያ ውስጥ የሚኖረውን ሁሉ እራት መጋበዝ የለብህም።

ሦስተኛው ማግማ፣ ማለትም ከመሬት በታች ያለ የቀለጠ ዐለት ነው። በማግማ የሚሠራ ማቅለጫ ከሰል አይፈልግም፣ በቃ። አንጥረኛ ቤቱም እንዲሁ። እሳተ ገሞራ ያለበት መሬት ላይ ከሆንክ ታድለሃል፤ ከሌለ በጣም ወደ ታች ትቆፍራለህ።

ስለ ማግማ አንድ የራሴን ውርደት ልንገርህ። ከሁለት ዓመት በፊት ማግማውን በቦይ ስቤ ወደ ማቅለጫዬ ላመጣ አሰብኩ። መዝጊያ በር ያስፈልጋል። ብረት አልነበረኝም፣ ወርቅ ግን ሞልቷል። የወርቅ በር አሠራሁ፣ ማንሻውን በወርቅ አደረግሁት፣ በኩራት ከፈትኩት። በሩ ቀለጠ። ማግማው ቦዩን አልፎ ወደ ምግብ ቤቱ ገባ። ወርቅ በ1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚቀልጥ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምጽፍ ሰው ነኝ! የጨዋታው ማግማ ከ1,100 ትንሽ ይበልጣል። ልዩነቱ ጠባብ ነው፣ ግን ለሠላሳ አንድ ድንክ በቂ ሆነ። ብረት 1,538 ድረስ ይችላል። ብረት ከሌለህ በሩን በጋብሮ ወይም በባዛልት አሠራው፤ ማንሻ የሚያያይዘውንም ጭምር። ወርቅ ባለበት መሬት እነዚህ ድንጋዮች አይጠፉም።

እስከዚያ ድረስ ቆፋሪዎችህን ከወርቁ ላይ አንሣ። ድንጋይ ውስጥ ያለ ወርቅ አይበላሽም፣ አይሰረቅም። ቆፋሪዎችህ የውኃ ጉድጓድ ይቆፍሩልህ።

ጥያቄ፦ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ታቦር አካባቢ ነው ቤታችን። ጨዋታው ላይ ቢጫ ድንጋይ አገኘሁ። ማቅለጫው ግን አይቀበለውም። ተበላሽቶ ነው? ደግሞ ታቦር ተራራን ብንቆፍር ወርቅ ይገኛል?

መልስ፦ ጎበዝ፣ ሁለት ጥሩ ጥያቄ።

ማቅለጫው ደህና ነው፤ የተታለልከው አንተ ነህ። ድንጋዩን ምረጥና ስሙን አንብብ። ፓይራይት የሚል ይመስለኛል። ፓይራይት ብረትና ድኝ ነው። ያብረቀርቃል፣ ቢጫ ነው፣ ብዙ ሰው አሞኝቷል። ጨዋታው ውስጥ እንደ ተራ ድንጋይ ነው የሚቆጠረው፤ ምንም አይቀልጥለትም። ወንበርና ጠረጴዛ ሥራበት፣ ቀለሙ ያምራል።

አባቴ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣለት ብዙ አይመራመርም ነበር። የድንጋይ መዶሻ ያነሣና ይመታዋል። ወርቅ ከሆነ ይጠፈጠፋል፤ ፓይራይት ከሆነ ይፈረካከሳል። ሻካራ ነጭ ሸክላ ላይ ብትፈትገውም ይለያል፦ ወርቅ ቢጫ መስመር ይተዋል፣ ፓይራይት ወደ ጥቁር የሚያደላ። አንድ ጊዜ የተፈረካከሰበት ሰውዬ አባቴን "ወርቄን ሰበርክብኝ" ብሎ ከሰሰው። ሽማግሌ ነው የገላገላቸው።

ታቦርን ተወው። በጨዋታው ሕግ ብንሄድ እውነትህን ነው፤ እሳተ ገሞራ የወለደው ዐለት ነውና ወርቅ ሊኖረው ይችላል። በእውነቱ ዓለም ግን የእኛ ስምጥ ሸለቆ ዐለት በመሬት ዕድሜ ገና ሕፃን ነው። ወደ ኮርቤቲ በኩል ብትሄድ ጥቁር መስታወት የመሰለ ድንጋይ ታገኛለህ፣ ኦብሲዲያን ነው፤ ወርቅ ግን አይደለም። የእኛ ወርቅ ያለው ወደ ደቡብ፣ በቦሬ በኩል አልፈህ ጉጂ ውስጥ፣ አዶላና ሻኪሶ ነው። እዚያ ያለው ዐለት በሙቀትና በግፊት የተለወጠ፣ ልውጥ ዐለት ነው፤ ዕድሜው ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ወርቁ በነጭ የኳርትዝ ሥር ውስጥ ይገኛል፣ ወይም ዝናብና ወንዝ ሸርሽሮት አሸዋ ውስጥ ይተኛል። ሰዎች በገበቴ እያጠቡ ነው የሚያወጡት። ጨዋታው ወርቁን ወደ ቅልጥ ዐለት ስለወሰደው እዚህ ላይ ከአዶላ ጋር አይስማማም። ለፈተና ግን የመጽሐፉን ጻፍ።

ጥያቄ፦ ከሰልም አለኝ፣ ወርቅም አለኝ፣ ሁለት መቶ ጥፍጥፍ ደርሷል። ምን ልሥራበት? ጓደኛዬ ሳንቲም አትም ይለኛል። እኔ ለወታደሮቼ የወርቅ ሰይፍ ነበር ያሰብኩት። ባጃጅ ሹፌር ነኝ፣ የምጫወተው ማታ ማታ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰይፉን እርሳው። ጨዋታው የወርቅ ሰይፍ፣ የወርቅ ጋሻ፣ የወርቅ ጥሩር እንድታዝዝ አይፈቅድልህም። ደግሞም ልክ ነው። ወርቅ ለስላሳ ነው፣ በጥርስ የሚነከስ ነገር ነው። ጦር ሜዳ ይዞት የሚወጣ ሰው ለማማር ነው የሚሞተው። ብር እንኳ ይሻላል፤ ከባድ ስለሆነ ለመዶሻ ጥሩ ነው።

ሳንቲሙንም እርሳው። ከአንድ ጥፍጥፍ 500 ሳንቲም ይወጣል። ድንኮቹ ግን በሳንቲም አይገበያዩም። ድሮ ደመወዝና ኪራይ ነበራቸው፣ አዘጋጆቹ ካስወጡት ብዙ ዓመት ሆነ። አሁን ሳንቲሙ የሚያገለግለው ወለል ላይ ለመበተንና ኮምፒዩተርህን ለማዘግየት ነው። እኛ በአክሱም ከንጉሥ ኢንዱቢስ ጀምሮ፣ በ3ኛው መቶ ዓመት፣ የወርቅ ሳንቲም ያተምን ሕዝብ ነን፤ ስለዚህ እጅህ ቢበላህ ይገባኛል። አንድ ጥፍጥፍ አትም፣ አይተህ ተደሰት፣ ተው።

የቀረው ጌጥና የቤት ዕቃ ነው። እዚህ ላይ ሒሳብ አለ፣ እሱን ከያዝክ ሌላው ይቀላል። የአንድ ዕቃ ዋጋ የሚወጣው ሦስት ቁጥር ተባዝቶ ነው፦ የዕቃው መነሻ፣ የተሠራበት ነገር፣ የእጅ ጥበቡ። የሐውልት መነሻ 25 ነው። የመዳብ ዋጋ 2፣ የብር 10፣ የወርቅ 30፣ የፕላቲኒየም 40። የእጅ ጥበብ ደግሞ ከተራው 1 ተነሥቶ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ይልና ለድንቅ ሥራ በአንዴ ወደ 12 ይዘላል።

እንግዲህ ጀማሪ አንጥረኛ የወርቅ ሐውልት ቢሠራልህ 25 በ30፣ 750 ነው። የተካነ አንጥረኛ ድንቅ ሥራ ከብር ቢሠራልህ 25 በ10 በ12፣ 3,000 ነው። ብሩ ወርቁን አራት እጥፍ በለጠው! ያው የተካነ ሰው በወርቅ ሲሠራው 9,000 ይሆናል። የንጉሥ መኝታ ቤት "ንጉሣዊ" ለመባል የሚፈልገው 10,000 ነው። አንድ ሐውልት ብቻውን ደጃፉ ላይ አደረሰህ ማለት ነው።

ስለዚህ የሚጎድልህ ወርቅ አይደለም፣ ሰው ነው። አንድ ድንክ ምረጥና በመዳብ ወይም በእርሳስ አለማምደው። ይሥራ፣ ያበላሽ፣ ያበላሸውን አቅልጠው፤ ሁሉም ባይሆንም የተወሰነው ብረት ይመለስልሃል። እጁ ሲፈታ ወርቁን ስጠው። ሌላ ማንም እንዳይነካው አድርግ። ልብ በል፣ ለቤት ዕቃና ለሐውልት አንድ ሙያ ነው፣ ለዋንጫና ለጌጥ ሌላ ሙያ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ሐውልት የተካነውን ሰውዬ ሁለት ወቅት ሙሉ ዋንጫ አሠራሁት። ዋንጫዎቹን ብታያቸው የቆርቆሮ ጣሳ ይሻላል።

ስለ ቅይጥ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፣ እዚሁ ልጨርሰው። ወርቅና ብር እኩል ስታደባልቅ ኤሌክትረም ይሆናል፣ ዋጋው 20። ሦስት ወርቅና አንድ መዳብ ሮዝ ወርቅ ነው፣ 23። ሁለት መዳብ፣ አንድ ብር፣ አንድ ወርቅ ጥቁር ነሐስ ነው፣ 11። አሁን ደምር። አንድ ወርቅና አንድ ብር 40 ነው፤ ሁለት ኤሌክትረምም 40 ነው። ሦስት ወርቅና አንድ መዳብ 92፤ አራት ሮዝ ወርቅም 92። ጥቁር ነሐሱንም ራስህ ሞክረው፣ 44 በ44 ይወጣል። ምንም አላተረፍክም፣ ከሰል ብቻ አቃጠልክ። አንድ ባለሥልጣንህ ሮዝ ወርቅ እወዳለሁ ካለ ሥራለት፤ ካላለ ተወው።

አንድ ነገር ግን ለሌሊት ተጫዋች። የጨዋታው የአረብ ብረት ዋጋ ስንት ይመስልሃል? 30። ከወርቅ እኩል! የአረብ ብረት ሰይፍ ከወርቅ ጋር እኩል ይከበራል፣ ደግሞ ያድንሃል። ሁለት መቶ ጥፍጥፍ ወርቅ ይዘህ ወታደርህ የመዳብ ቆብ ካደረገ፣ እባክህ ነገ ማታ ከዚያ ጀምር።

ጥያቄ፦ ከአዳማ ነው የምጽፍልህ፣ ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ወርቁን ከጉድጓድ ወደ ማቅለጫ ለማምጣት ድንኮቼ ዓመት ይፈጅባቸዋል። አንዱ ድንጋይ ይዞ ሲንፏቀቅ ሳየው እንቅልፌ ይመጣል። ሌላ ድንጋይ ሲሸከሙ እንዲህ አይደሉም።

መልስ፦ እህቴ፣ ድንኩ ሰነፍ አይደለም። ወርቅ ከውኃ 19.3 ጊዜ ይከብዳል፤ ግራናይት 2.7 ገደማ። ያው መጠን ያለው ድንጋይ ሰባት እጥፍ ከበደ ማለት ነው። ጨዋታው ይህን ይቆጥራል። አባቴ ሱቅ አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ትንሿን የወርቅ ጠጠር መዳፉ ላይ ያስቀምጥለት ነበር። ሁሉም እጃቸው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ዓይናቸው ያልጠበቀው ነው።

አናጺው ካሪዮላ ይሥራልሽ። ከማቅለጫው አጠገብ የክምችት ቦታ ክፈቺ፣ የወርቅ ድንጋይ ብቻ እንዲቀበል አድርጊው፣ ካሪዮላዎቹን ለእሱ መድቢ። ልዩነቱን በዚያው ወር ታዪዋለሽ። ከዚያ የሚሻለው ግን ማቅለጫውን ራሱን ወርቁ አጠገብ መሥራት ነው። ከሰል ቀላል ነው፣ ከሰሉ ወደ ወርቁ ይሂድ። ጥፍጥፉም ከድንጋዩ በጣም ይቀላል። የሐዲድ ጋሪ ሥሪ የሚሉሽ ይኖራሉ። ሞክሬዋለሁ። ጋሪው ሁለት ሰው ገጭቶ አንድ ድመት ገደለ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ለኤልፍ ነጋዴዎች ምርጥ የወርቅ ዋንጫዎች አቀረብኩላቸው። ተቆጥተው ጥለውኝ ሄዱ። ደሞ ከዚያ በኋላ ጎብሊኖች ከበቡኝ። ኤልፎቹ ናቸው የጠቆሙብኝ? ከመናኸሪያ ሰፈር ነኝ።

መልስ፦ ዋንጫዎቹ በምን ተጭነው ነበር? በእንጨት ሣጥን፣ አይደል? ይኸው ነው። ኤልፍ የጫካ ሕዝብ ነው፤ ዛፍ ተቆርጦ የተሠራ ነገር ሲቀርብለት እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። ሣጥኑን ከነዕቃው ስትመርጠው ሣጥኑንም ሸጥክላቸው። ዋንጫዎቹን አንድ በአንድ ምረጥ፣ ሣጥኑን ተወው። ወይም ሣጥንህን ከብረት አሠራ።

ጎብሊኖቹን ግን በኤልፎች አታሳብ። ጨዋታው ምሽግህ ውስጥ የሠራኸውን ሀብት ይቆጥራል። ሕዝብህ ሲበዛና ሀብትህ ሲያድግ ስደተኛ ይጎርፍልሃል፣ በዚያው መንገድ ወራሪና ዘንዶም ይመጣል። ስንት ሐውልት ነው ያቆምከው? ስምንት የወርቅ ሐውልት በር ላይ ደርድሮ በሩን ያልዘጋ ሰው ለጠላት ምልክት አድርጓል። እውነተኛ ወርቅ አውጪዎችም ይህን ያውቃሉ። አዶላ ሳለን ጥሩ ያገኘ ሰው በነጋታው የተቀደደውን ሸሚዙን ለብሶ ነው የሚወጣው።

ባሮን የሚባል መኳንንት ተሾሞልህ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ባሮኑ የሚወደው ነገር አለ፤ ያንን ነገር ከምሽጉ ማውጣት ይከለክላል። የወርቅ ዋንጫ እንዳይሸጥ ካዘዘና አንተ ሳታይ ከሸጥክ፣ ዕቃውን ወደ ገበያ የተሸከመው ምስኪን ድንክ ነው የሚገረፈው። ስለዚህ ሲራራ ሲመጣ ከመሸጥህ በፊት የባሮኑን ትእዛዝ አንብብ።

ሲራራን ካነሣን፣ ለሽያጭ ዋንጫ ከሐውልት ይሻላል። ቀላል ነው፣ ብዙ ይወጣል። ሐውልቱ ለቤትህ ይሁን።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እናት ነኝ። የእርስዎ ተማሪ የሆነ ልጅ አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ "ወርቅ አገኘሁ፣ ወርቅ አቀለጥኩ" ይለኛል። ጠዋት አይነሣም። "መምህራችንም ይጫወታል" ብሎ ይከራከረኛል። ይህ ነገር ገንዘብ ያመጣል? ወይስ ቁማር ነው?

መልስ፦ የተከበሩ ወይዘሮ፣ መምህሩ እንደሚጫወት እውነት ነው፤ በዚህ ላይ ልጅዎ አልዋሸም። ቁማር አይደለም፣ ገንዘብም አያመጣም። የሚያመጣው የመብራት ሒሳብ ብቻ ነው። የኒው ዮርኩ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2005 ዓ.ም. ለስብስቡ ከመረጣቸው የመጀመሪያዎቹ 14 ጨዋታዎች አንዱ ነው። ይህን የምነግርዎ ልጅዎን ለመደገፍ አይደለም፤ እሱ ራሱ ነግሮዎት ይሆናልና እንዲያውቁት ብዬ ነው።

ሌሊቱን ግን እኔም አልፈቅድም። እኔ የምጫወተው ከእራት እስከ አራት ሰዓት ነው። ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶብኝ የሦስት ሰዓት ሥራ ሄደ፤ ላፕቶፔ ባትሪ የለውም። ጨዋታው በየወቅቱ ራሱ እንዲያስቀምጥ ማድረግ ይቻላል። ልጅዎ ይህን አላደረገ ከሆነ "መብራት ይጠፋል ብዬ ነው የማልተኛው" የሚለው ምክንያት ይኖረዋል። እባክዎ እንዲያስተካክለው ይንገሩት። ከዚያ ምክንያቱ አለቀ።

ደግሞ አንድ ውለታ ልጠይቅዎ። ልጅዎ ማን እንደሆነ ገምቻለሁ። በጨዋታው ውስጥ ወርቅ በስንት ዲግሪ እንደሚቀልጥ በቃሉ ያውቃል፤ በፈተናው ላይ ግን የውኃን መፍያ ነጥብ ተሳስቷል። የላቦራቶሪ ደብተሩ ከሦስት ሳምንት በፊት መመለስ ነበረበት። ሰኞ ይዞት ይምጣ።